ፓርደን የወጣለት ሰው ለምን ከድንበር ይመለሳል?

ቶሮንቶ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ የወንጀል ሪከርድ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሣ ጉዳይ ነው። ሰው ስለ ቤት ዕዳው፣ ስለ ስኳር በሽታው፣ ስለ ፍቺው እንኳ በማኅበር ላይ ይጫወታል፤ ፍርድ ቤት መቆሙን ግን ለገዛ ወንድሙ አይናገርም። በአስተርጓሚነት ሥራዬ ምክንያት ችሎት አካባቢ ብዙ ጊዜ ስለማሳልፍ፣ ውሳኔው ተሰጥቶ ሰዉ ወደ ኮሪደር ሲወጣ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ «ይኼ ነገር መቼ ነው የሚጠፋልኝ?» የሚል ነው። ጥያቄው ለአስተርጓሚ ሳይሆን ለጠበቃ የሚቀርብ በመሆኑ በቦታው አልመልሰውም። ሕጉ ለሁሉም ክፍት ነውና አጠቃላይ የሆነውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ የራሱ ጉዳይ ያለበት ሰው ግን ጠበቃ ማማከሩን እንዳይተው አደራ እላለሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ ፍርዱ በራሱ ጊዜ አይጠፋም የሚል ነው። በካናዳ ውስጥ በማመልከቻ ገለል እንዲደረግ ማድረግ ይቻላል፤ ፓርደን፣ ማለትም ይቅርታ፣ የምንለው ይህን ነው። አሜሪካ ግን የካናዳን ይቅርታ አትቀበልም። እኛ ዘንድ የሚፈጠረው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ዘግይቶ ከመስማት ነው።

ለመሆኑ ሰዉ እንዴት ነው ሪከርድ ውስጥ የሚገባው? ባየሁት መጠን ከእኛ ሰው የሚከሰሰው በአብዛኛው በሦስት ነገር ነው፤ ከሠርግና ከክርስትና ሲመለስ ጠጥቶ በማሽከርከር፣ ከሱቅ ዕቃ በመውሰድ፣ ወይም በባልና ሚስት ጠብ። በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ኦንታሪዮ ውስጥ ፖሊስ በትዳር ውስጥ ድብደባ ተፈጽሟል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካገኘ ክስ እንዲመሠርት ታዟል፤ ክሱም ከዚያ በኋላ የዐቃቤ ሕግ እንጂ የሚስት ወይም የባል አይደለም። ሽማግሌ ገብቶ፣ እርቅ ወርዶ፣ ቤተ ዘመድ «አለቀ» ብሎ ከተበተነ በኋላ ባል በቀጠሮው ቀን ችሎት አልቀረበም፤ በዚያም ምክንያት ሌላ ክስ ተጨመረበት። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም ያየሁት። የሽማግሌዎቹ እርቅ ለትዳሩ ይጠቅም ይሆናል፤ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ግን አይዘጋም።

ሌላው ደግሞ «ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ልገላገል» የሚለው ነው። ሥራ ላለመቅረት ሲባል በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ጥፋትን አምኖ መቀጮ ከፍሎ መውጣት የዕለቱን ጭንቀት ያቃልላል፤ ይሁን እንጂ የጥፋተኝነት ፍርድ ያን ጊዜ ተመዘገበ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀላል ጥፋት የተከሰሰ ሰው ክሱ በልዩ ፕሮግራም አልፎ እንዲነሣለት፣ ወይም ዲስቻርጅ እንዲሰጠው መጠየቅ የሚችልበት ዕድል አለ። ዲስቻርጅ ማለት ጥፋቱ ተረጋግጦ ሳለ ዳኛው የጥፋተኝነት ፍርድ ሳይመዘግቡ የሚያሰናብቱበት ውሳኔ ነው። ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠው ከ1 ዓመት በኋላ፣ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠው ደግሞ ከ3 ዓመት በኋላ፣ ፖሊሶች ከሚያዩት የአገር አቀፉ የመረጃ ቋት፣ ሲፒክ ከሚባለው፣ ያለ ማመልከቻ ይወጣል። ጠጥቶ ማሽከርከር ግን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ቅጣት ስላለው እንደ ደንቡ ከሆነ ዲስቻርጅ አይሰጥበትም። ክሱ የተነሣለት ወይም ነፃ የወጣ ሰውም ቢሆን አሻራውና ፎቶግራፉ በያዘው ፖሊስ ዘንድ መቆየቱን አስቦ እንዲወገድለት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ፍርድ ለተመዘገበበት ሰው ያለው መንገድ ሁላችንም ፓርደን የምንለው ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሪከርድ ሰስፔንሽን፣ የመዝገብ መታገድ፣ ይለዋል። ውሳኔውን የሚሰጠው የካናዳ የአመክሮ ቦርድ ሲሆን፣ ሲፈቀድ መዝገቡ አይቃጠልም፤ ከሌሎች የወንጀል መዝገቦች ተለይቶ ይቀመጥና ተራ ፍተሻ ሲደረግ አይታይም። እንደገና እንዲገለጥ የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስትሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤቱን የሚጠይቅበት ድንጋጌ አለው።

የመጠበቂያው ጊዜ ሰመሪ በሚባለው ቀላል አካሄድ ለተፈረደበት 5 ዓመት፣ ኢንዳይተብል በሚባለው ከባድ አካሄድ ለተፈረደበት 10 ዓመት ነው። ብዙዎቹ ወንጀሎች ዐቃቤ ሕጉ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሊያስኬዳቸው የሚችሉ ስለሆኑ የወንጀሉን ስም ብቻ ይዞ መቁጠር አይቻልም፤ ፍርድ ቤቱ የትኛውን አካሄድ እንደመዘገበ በወረቀት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከ2012 በፊት ጊዜው ከዚህ ያጠረ ነበር። ጥፋቱን ከማርች 13 ቀን 2012 በፊት የፈጸመ ሰው በኋላ በተሰጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ምክንያት የቀድሞው ሕግ ሊሠራለት ስለሚችል፣ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ያጣራ። ሕፃናት ላይ የወሲብ ጥቃት የፈጸመ ሰው፣ ከተወሰኑ ጠባብ ሁኔታዎች በቀር፣ ይህ ዕድል የለውም። በእኔ አስተያየት አንድ ሰው ያለ ምንም ጥፋት ዐሥር ዓመት ከኖረ በኋላ ብቻ ይመን ማለት የበዛ ነው፤ ዐሥር ዓመት እኮ ሕፃን ተወልዶ አራተኛ ክፍል የሚደርስበት ዘመን ነው።

የሚቆጠረው ግን ከመቼ ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ቆጠራው የሚጀምረው ፍርድ ከተሰጠበት ቀን አይደለም፤ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀበት ቀን ነው። ሙሉ በሙሉ ሲባል እስራቱ፣ ፕሮቤሽኑ (በክትትል ሥር የሚቆዩበት ጊዜ)፣ መቀጮው፣ ለተጎዳው ወገን የሚከፈለው ካሣና በመቀጮው ላይ የሚደመረው የተጎጂዎች መርጃ ክፍያ ጭምር ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ላስተዋውቃችሁ። ጠጥቶ በማሽከርከር ተፈርዶበት 1,000 ዶላር መቀጮ ከፍሏል፤ ደረሰኙንም ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጦታል። ዓመታቱን ቆጥሮ፣ ጊዜው ሞላ ብሎ፣ የፍርድ ቤት መረጃ ቅጹን ሊያስሞላ ወደ መስኮቱ ሲቀርብ ጸሐፊዋ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያም አንድ ወረቀት አትማ በመስታወቱ ሥር አሳለፈችለት። ከታች «ቀሪ 300.00» ይላል። በመቀጮው ላይ የተደመረው 30 በመቶ ነበር። ዳኛው በችሎት ተናግረውታል፤ እሱ ግን የሰማው 1,000 የሚለውን ብቻ ነው። በባንክ ካርዱ እዚያው ከፈለ፤ የአምስት ዓመቱም ቆጠራ የተጀመረው ያን ዕለት ነው። ስለዚህ የሪከርድ ጉዳይ ያለበት ሰው ሌላ ነገር ሁሉ ቢቆይ እንኳ፣ ዛሬ ነገ ሳይል ወደተፈረደበት ፍርድ ቤት ሄዶ ቀሪ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ። ጥያቄው ገንዘብ አይፈጅም።

ማመልከቻው ራሱ አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ፈቃድ ባለው ድርጅት አሻራ ተሰጥቶ ኦታዋ ከሚገኘው ከፌዴራሉ ፖሊስ፣ ከአርሲኤምፒ፣ የተረጋገጠ የወንጀል መዝገብ ይመጣል። ከዚያ ከየፍርድ ቤቱ የፍርዱ መረጃ ይወጣል፤ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ከ3 ወር በላይ በተኖረባቸው ከተሞች ሁሉ ከሚገኘው ፖሊስም ማስረጃ ይሰበሰባል። እዚህ ላይ ቶሎ ቶሎ ከተማ የለወጠ ሰው፣ ለምሳሌ ለሥራ ከቶሮንቶ ወደ ካልጋሪ፣ ከካልጋሪ ወደ ኤድመንተን የዞረ፣ ከሁሉም ቦታ ማምጣት ስላለበት ይንገላታል። ወረቀቶቹ የሚያገለግሉበት ጊዜ ስለሚያልፍ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ለዓመት ማቆየት እንደገና ከፍሎ መጀመርን ያስከትላል። የመዝገቡ መታገድ ለአመልካቹ ሕይወት ምን እንደሚጠቅም፣ ጥፋቱ በምን ሁኔታ እንደተፈጸመና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ የሚገለጽበት ቅጽም አለ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ሁለት መስመር ጽፎ ያልፈዋል፤ ስለ ራስ ማውራት ነውር መስሎ ይታየዋል። ቦርዱ ግን የሚያነበው ይህንን ነው። በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንደሚያገለግል፣ የትኛውን ኮርስ እንደጨረሰ፣ መጠጥ ትቶ ከሆነ እንዴት እንደተወ፣ ሪከርዱ የትኛውን ሥራ እንዳስቀረበት በዝርዝርና ሳይኩራራ ቢጽፍ ይጠቅመዋል።

የማመልከቻው ክፍያ ታሪክ አለው። በ2010 መጨረሻ ላይ ከ50 ወደ 150 ዶላር ወጣ፤ በ2012 ደግሞ 631 ዶላር ገባ፤ እየጨመረም ከ650 አለፈ። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ወደ 50 ዶላር ተመልሷል፤ የአሻራው፣ የፍርድ ቤቱና የፖሊሱ ወጪ ለየብቻው ነው። መንግሥት ክፍያውን ማውረዱ ከሠራቸው ትክክለኛ ነገሮች አንዱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሪከርድ ይዞ ጥሩ ሥራ ያጣን ሰው ሥራ የሚያስገኝለትን ወረቀት ለማግኘት የወር ደመወዝ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም። ዛሬም ቢሆን ከሺህ ዶላር በላይ ተቀብለው «እናስወጣልሃለን» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ቦርዱ ማንኛውም ሰው ራሱ ማመልከት እንደሚችልና በወኪል የመጣ ማመልከቻ ቅድሚያ እንደማይሰጠው በግልጽ ያሳውቃል። ቅጹን በእንግሊዝኛ መሙላት ለሚከብደው ሰው የማኅበረሰብ የሕግ አገልግሎት ቢሮዎች ይሻሉታል። ማመልከቻው ተሟልቶ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቦርዱ ለቀላሉ 6 ወር፣ ለከባዱ 12 ወር ይወስዳል፤ ሊከለክል ካሰበ ደግሞ እስከ 24 ወር ሊቆይ ይችላል።

ወደ ሥራው ልመለስ። የእኛ ሰው በብዛት የተሰማራባቸው የሥራ መስኮች፣ ማለትም አረጋውያንን መንከባከብ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ የአየር ማረፊያ፣ የጥበቃና የከባድ መኪና ሥራዎች፣ ሁሉም የፖሊስ ማስረጃ የሚጠየቅባቸው ናቸው። ኦንታሪዮ ውስጥ ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ይህ ማስረጃ በሦስት ደረጃ ተከፍሏል፤ ተራው የወንጀል መዝገብ፣ በሂደት ላይ ያለ ክስን የሚጨምረው፣ እንዲሁም ከሕፃናት፣ ከአረጋውያንና ከሕሙማን ጋር ለሚሠራ ሰው የሚወጣው ጥብቁ። አሠሪው ከሥራው ጋር የማይገናኝ ከፍ ያለ ደረጃ ሲጠይቅ «ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፓርደን የወጣለት ሰው በሦስቱም ውስጥ ፍርዱ አይታይበትም፤ ልዩነቱ የወሲብ ወንጀል ከሆነ በጥብቁ ማስረጃ ላይ ሊገለጥ መቻሉ ነው። ባንክ፣ አየር መንገድና ድንበር ተሻጋሪ የጭነት ሥራ በፌዴራል ሕግ የሚተዳደሩ ስለሆኑ፣ ፓርደን ባገኘበት ጥፋት ምክንያት ሠራተኛን መለየት በካናዳ የሰብዓዊ መብት ሕግ የተከለከለ ነው። የመንጃ ፈቃድ ታሪክ ግን የክፍለ ሀገሩ ጉዳይ በመሆኑ ፓርደን አይነካውም፤ የኢንሹራንስ ኩባንያውም የሚያየው እሱን ነው።

ዜግነት ላላገኙ ሰዎች ነገሩ ከሥራም ይከብዳል። ከዲሴምበር 18 ቀን 2018 ጀምሮ ጠጥቶ የማሽከርከር ከፍተኛ ቅጣት ወደ 10 ዓመት እስራት ስላደገ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጥፋት ፈጽሞ የተፈረደበት ቋሚ ነዋሪ በኢሚግሬሽን ሕግ «ከባድ ወንጀል» ውስጥ ይመደባል፤ ካናዳ ውስጥ እንዳይኖርም ሊታገድ ይችላል። ፍርድ ቤቱ በቀላሉ አካሄድ አይቶ መቀጮ ብቻ ቢጥልበትም ለኢሚግሬሽን ዓላማ የሚታየው ሊጣል ይችል የነበረው ከፍተኛው ቅጣት ነው። እስራቱ ከ6 ወር በታች ከሆነ ይግባኝ የማለት መብት አለ፤ ፓርደን ሲወጣም ይህ እገዳ ይነሣል፤ ችግሩ ፓርደኑ ዓመታት የሚጠበቅ መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ ፒአር (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ይዞ የተከሰሰ ሰው ጥፋትን ከማመኑ በፊት ከወንጀል ጠበቃው በተጨማሪ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያናግር ምንም እንዳይወስን እላለሁ። አንዱ ጠበቃ የሌላውን ሕግ ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ አሜሪካ ድንበር እንምጣ። ከቶሮንቶ እስከ ቡፋሎ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ዘመዶቻችን ዋሽንግተን፣ ሚኔሶታና አትላንታ ናቸው፤ ሠርግም ልቅሶም እዚያ አለ። የአሜሪካ የድንበር ሠራተኞች በሁለቱ አገሮች ስምምነት የካናዳን የፖሊስ ቋት ስለሚያዩ፣ ፓርደን ሳያገኝ አንድ ጊዜ እንኳ ለማለፍ የሞከረ ሰው ፍርዱ በእነርሱ መዝገብ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ካናዳ በራሷ ቋት ላይ ያደረገችው እገዳ እነሱ የያዙትን አይነካም። ለአሜሪካ ቪዛ የሚሞላው ቅጽ ደግሞ ምሕረት ወይም ይቅርታ የተደረገለት ቢሆንም እንኳ ሰውዬው ታስሮ ወይም ተፈርዶበት ያውቅ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ ይህን ቅጽ መሙላቱ አይቀርለትም። በአሜሪካ ሕግ ስርቆት፣ ማጭበርበርና የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋቶች በር የሚያዘጉ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠጥቶ ማሽከርከር ብቻውን በአብዛኛው አያዘጋም። ይህ ለብዙ ሰው ያልጠበቀው ነው፤ ከሱቅ የመዋቢያ ዕቃ የወሰደችው ተመልሳ፣ ሰክሮ የነዳው ሲያልፍ ይታያል።

ድንበሩ ሩቅ ነው ብሎ የሚታለልም አለ። በፒርሰን አየር ማረፊያ የአሜሪካ ምርመራ የሚደረገው እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ርካሽ ትኬት አግኝቶ በዋሽንግተን ወይም በኒውዮርክ በኩል ቢቆርጥ፣ አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን ለመለወጥ ብቻ የሚያልፍ መንገደኛም የመግቢያ ምርመራ ስላለበት፣ እናቱን ሊቀብር የተነሣ ሰው ከፒርሰን ሻንጣውን ይዞ ሊመለስ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቶሮንቶ የራሱ በረራ አለው፤ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው በኩልም መለወጥ ይቻላል። ሪከርድ ያለው ሰው የትኬቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበትን ከተማ ይመልከት።

የመግባት እገዳ ላለበት ሰው አሜሪካ ዌቨር የሚባል ጊዜያዊ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ለብቻው ማመልከቻና ክፍያ ያለው፣ እስከ 5 ዓመት ድረስ የሚሰጥና ሲያልቅ የሚታደስ ነው። የካናዳው ፓርደን በእጅ መኖሩ የጠባይ ማስረጃ ሆኖ ይረዳል እንጂ ዌቨሩን አይተካም። ለከባድ መኪና ሹፌሮች ደግሞ ድንበሩን ቶሎ ለማለፍ የሚረዳው ፋስት ካርድ የሚወጣው ሁለቱም አገሮች ሲስማሙ ብቻ ስለሆነ፣ በካናዳ በኩል ንጹሕ መሆን አይበቃም።

መስኮቱ ላይ ሲጠየቁ «ተከስሼ አላውቅም» ብሎ ማለፍን የሚመክሩ ሰዎች አሉ። የአሜሪካ ሕግ የመግቢያ ፈቃድ ለማግኘት ሆን ብሎ ሐሰት መናገርን ከጥፋቱ ለይቶ በራሱ እገዳ የሚያስከትል አድርጎታል፤ እሱም የዕድሜ ልክ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የተፈጸመ የሱቅ ስርቆት የማያደርሰውን ጉዳት የአንድ ደቂቃ መልስ ያደርሰዋል። ከዚህ ይልቅ የአሜሪካ የድንበር መሥሪያ ቤት ስለ እርስዎ የያዘውን መዝገብ በመረጃ ነፃነት ሕጋቸው መሠረት በኢንተርኔት መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ የዘመድ ሠርግ ለመጪው በጋ ከተቆረጠ መጠየቅ ያለበት አሁን ነው፤ ትኬቱ ደግሞ መልሱ ከመጣ በኋላ።